ቀኝ ዓይኔ ያጨልኝ ሙሽራ

እኔ ሴት ላይ የማፈጥ ሰው አይደለሁም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ነቀምቴ ውስጥ፣ በተለይ ባኬ ጃማ በኩል፣ ስሜ ሲነሣ እስከ ዛሬ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው የሚስቁ እናቶች አሉ። ይሳቁ። ጥፋቱ የእኔ አለመሆኑን ግን ቢያውቁልኝ ደስ ይለኛል። ጥፋተኛው ከአንጎሌ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ዓይኔ የሚሄድ፣ ክር የሚያህል ነገር ነው። በዕድሜው የተሰጠው ሥራ አንድ ብቻ ነበር፤ እሷኑም አልሠራ ብሎ እኔን ባደባባይ ጉድ ሠራኝ።

በዚያን ጊዜ የፖስታ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጸሐፊ ይባል እንጂ ቴምብር እሸጣለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ፣ አውቶቡስ ከአዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የደብዳቤውን ከረጢት እቀበላለሁ። ከረጢቱ የሚወርደው ከአውቶቡሱ ጣሪያ ነው። ረዳቱ ከላይ ሆኖ ያዝ ይላል፣ እኔ ከታች ሆኜ እይዛለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ስቼ አላውቅም። የዚያን ሐሙስ ግን ረዳቱ ያዝ ሲል እኔ ሌሊሴን እያየሁ ነበር። ሌሊሴ የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ጃንጥላዋን ይዛ ከመንገዱ ማዶ ታልፋለች፤ እኔም ሽማግሌ ልኬባታለሁ። ሽማግሌ የላከ ሰው ከረጢት አይቀበል። እንዲህ ያለ ሕግ ቢኖር ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከረጢቱ አናቴ ላይ አረፈ። የሳምንቱ ጋዜጣ፣ የመንግሥት ደብዳቤ፣ የወታደሮች ናፍቆት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጭንቅላቴ ውስጥ ልግባ አለ። ተዘረርኩ። ሰው አፋፍሶ አነሣኝ። ልብሴን እያራገፍኩ ቀና ስል ሁለት አውቶቡስ ጎን ለጎን ቆሟል፤ ጣሪያቸው ላይ ሁለት ረዳት ይቅርታ ይለኛል፤ ከመንገዱ ማዶም ሁለት ሌሊሴ ደንግጠው ያዩኛል። ዓይን አዋጅ ሆነብኝ። የረዳቱ ሁለት መሆን በጣም አናደደኝ። የሌሊሴ ሁለት መሆን ግን፣ ከተናገርኩ አይቀር እውነቱን ልናገርና፣ ለጥቂት ደቂቃ ያህል አልከፋኝም።

የከፋኝ በማግስቱ ነው። ሌሊሴ የኦቦ ፈይሳ ልጅ ናት። ኦቦ ፈይሳ አናጢ ናቸው፤ የወንጌላውያኑም ጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው። በሙያቸው ጉጥ ያለበት ጣውላ ገዝተው አያውቁም ይባላል። ከእኔ በፊት ሌሊሴን የጠየቀ አንድ ደህና ሰው ነበር፤ መንግሥት ሠራተኛ፣ ጨዋ፣ አንዲት የፊት ጥርስ ብቻ የጎደለችው። ዛሬ ጥርስ ከጎደለው ነገ ምን እንደሚጎድለው በምን አውቃለሁ ብለው መለሱት። እንግዲህ የእኔ ሦስት ሽማግሎች፣ በፖስታ ቤቱ አለቃዬ መሪነት፣ እኚህ ሰው ፊት ቆመው ልጃችን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንከን የለበትም ብለው የተናገሩት ከረጢቱ ሊወርድብኝ አራት ቀን ሲቀረው ነው።

ኦቦ ፈይሳም መልስ ሰጥተው ነበር። እኔ ከመንዝ የመጣሁ፣ በታቦት ስም እየማልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ማን እንደሆንኩ ጉባኤያቸው አያውቅም። ስለዚህ ሦስት እሑድ እየመጣሁ ከእነሱ ጋር እንድቀመጥ፣ ሕዝቡ እንዲያየኝ፣ በሦስተኛው እሑድ ምሳ ላይ እሺታውን ወይም እንቢታውን እንዲናገሩ ተስማሙ። ልታይ የተቀጠርኩት እኔ ነኝ። አለማየት የጀመርኩትም እኔው።

ዓርብ ጠዋት ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ ከአማርኛው ኦሮምኛው ይሻላል፤ እኔ ደግሞ የገበያ ኦሮምኛ እችላለሁ፤ በሁለታችንም ጎዶሎ ተግባባን። ጣቱን ተከተል አለኝ። ጣቱን ወደ ግራ ሲወስድ ሁለቱም ዓይኖቼ አብረው ሄዱ። ወደ ቀኝ ሲወስድ ግራ ዓይኔ እሺ ብሎ ሄደ፣ ቀኝ ዓይኔ ግን መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ሐኪሙ በጣም ደስ አለው። ሐኪም እንዲህ ደስ ሲለው ጥሩ ምልክት አይደለም። ከዚያ በወረቀት ላይ የሰው ጭንቅላት ሥሎ አስረዳኝ፤ ከአንጎል የሚወጡ አሥራ ሁለት ጥንድ ነርቮች አሉ፤ ስድስተኛው ዓይንን ወደ ውጭ የሚስበው ነው፤ የእኔ የቀኙ ተመትቶ ደንዝዟል። ሌላስ ምን ይሠራል ብዬ ጠየቅሁ። ሌላ ሥራ የለውም አለኝ። እንዲህ ያለ ሠራተኛ አውቃለሁ። የአንድ መሥሪያ ቤት በር ከፋች ነው፤ ሥራው በር መክፈት ብቻ ነው፤ ሰው ግን ሁልጊዜ በመስኮት ነው የሚገባው።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። በሦስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም በስድስት፣ በራሱ ጊዜ ይመለሳል፤ እስከዚያው አንዱን ዓይን በጥቁር ጨርቅ ሸፍን፣ የሚጠይቅህ ካለም እውነቱን ንገር አለኝ። ጨርቁንም ሰጠኝ። እኔም አመስግኜ ጨርቁን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ሞኝ ሰው ቀላል ነገር አይወድም።

ከሐኪም ቤት የሄድኩት ወደ ሸምሱ ሱቅ ነው። ሸምሱ ጉራጌ ነው፤ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ አለው፤ ከጨውና ከጨርቅ ጋር ምክርም ይሰጣል፤ ምክሩን ግን አይመዝነውም። ጨርቁን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። ይህን አስረህ ኦቦ ፈይሳ ፊት ብትቀርብ የጥርሱ ሰውዬ ወንድም ትሆናለህ አለኝ። ከዚያ ፋኖስ አንሥቶ ሱቁ ጫፍ ላይ ቆመና ፈተና ጀመርን። ሁለት ፋኖስ አየሁ። በቀኝ በኩል ያለው ውሸቱ፣ በግራ በኩል ያለው እውነቱ መሆኑን ደረስንበት። ቀጥሎ ፊቴን ወደ ቀኝ አዞርኩና በግራ በኩል ፋኖሱን አየሁት፤ ሁለቱ ፋኖሶች ተጠጉ፣ ተነካኩ፣ አንድ ሆኑ። ሸምሱ ወላሂ ድነሃል ብሎ ፋኖሱን አስቀመጠው። እኔም የዳንኩ መሰለኝ።

እሑድ ጠዋት ኦቦ ፈይሳ ጸሎት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ከሩቅ ሁለት ሆነው ታዩኝ። ውሸቱ የትኛው እንደነበር ከድንጋጤዬ ጠፋኝ። ቀኙ ይሆናል ወይስ ግራው እያልኩ ደረስኩና፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ፣ አካም ቡልተን፣ ፈያ ዳ፣ ነጋ ዳ እያልኩ የአጥሩን ምሰሶ በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ኦቦ ፈይሳ እጃቸውን ዘርግተው ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ እጃቸውን መልሰው ምሰሶውን የተከልኩት እኔ ነኝ አሉኝ፤ የሥራቸውን ጥንካሬ የፈተሽኩ መስሏቸው ነው። ጠንካራ ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው።

ገብተን ተቀመጥን። በጸሎት ቤቱ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ነው የሚቀመጡት። ሰባኪው መጣ፤ ሁለት ሰባኪ፣ ሁለት አትሮንስ። በሸምሱ ምክር ፊቴን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ሰባኪዎቹ አንድ ሆኑ። እፎይ ብዬ፣ አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ፣ ዓይኔን ሳልነቅል አዳመጥኩ። እንዲያ አድርጌ ስብከት አዳምጬ አላውቅም። ሆኖም ዓይኔ ወደ ሰባኪው ቢሆንም አፍንጫዬ፣ ግንባሬ፣ ፊቴ በሞላው ወደ ሴቶቹ ነበር። አንድ ዓይኔ ወደ አፍንጫው ገብቶ ስለተቀመጠም ከሩቅ ለሚያየኝ ወዴት እንደማይ ማወቅ አይቻልም፤ ሰው ደግሞ የማያውቀውን ከፊት ነው የሚያነበው።

በሴቶቹ ወገን ከፊተኛው ረድፍ ጫፍ፣ ልክ በአፍንጫዬ ትይዩ የሚቀመጡት አዴ ቀነኒ ናቸው። የኦቦ ፈይሳ ታላቅ እኅት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ወንድማቸው ቤት የሚኖሩ፤ የሴቶቹን ጸሎት የሚመሩም እሳቸው ናቸው። በስብከት መሐል የሚያስለውን ሰው አንድ ጊዜ ዞር ብለው ያዩታል፤ ሳሉ ይቆማል። ከባላቸው ሞት በኋላ ሲስቁ ያያቸው የለም። እኚህን ሴት ነው ለአንድ ሰዓት ያህል ያፈጠጥኩባቸው። ሌሊሴ ሁለት ረድፍ ወረድ ብላ ስለነበረች ኋላ ነገረችኝ፤ አክስቷ መጀመሪያ ገላመጡኝ፤ አልነቃነቅም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ፤ አልነቃነቅም። ከዚያ ማንን እንደማይ ለማወቅ ወደ ኋላቸው ዞር አሉ፤ ግድግዳ ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን መጽሐፋቸው ላይ ተከሉ፤ ገጹን ግን አንድ ጊዜም አልገለጡትም።

ሰኞ ዕለት ፖስታ ቤት ቴምብር የሚገዛው ሁሉ ሴት ሆነ። አንዷ ትገዛለች፣ አራቷ ያጅቧታል፤ ወጥተው ይስቃሉ። ሸምሱ ወሬውን ሰምቶ ደነገጠና ዓይኔ ቶሎ ካልዳነ ነገሩ እንደሚበላሽ ነገረኝ። ኡኬ አጠገብ ስም ያለው ወጌሻ አለ፤ በማግስቱ በጭነት መኪና ሄድኩ። ወጌሻው ጉዳዩን ሰምቶ ነርቭ የሚባለውን ነገር አልተቀበለውም። እንደ ትከሻ ወልቋል አለ። ዓይንና ጆሮ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ጆሮ ከሄደ ዓይን ይከተላል ብሎ ቀኝ ጆሮዬን በቅቤ አሽቶ ከጠዋት እስከ ቀትር ወደ ውጭ ሳበው። ዓይኔ አልተከተለም። ጆሮዬ ግን ሄዶ ሄዶ ቀይ ሥር አከለና እንደዚያው ሆኖ ሰነበተ።

በሁለተኛው እሑድ ሌላ ዘዴ ይዤ ሄድኩ። ፊቴን ወደ ማንም አላዞርም፤ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ የታመመውን ዓይኔን እከድናለሁ፤ በአንዱ አያለሁ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል፤ እኔ አፈሩ ውስጥ ዘልዬ ገባሁበት። የከደንኩት ቀኙን ነው፤ ሴቶቹ ደግሞ በቀኜ ናቸው፤ ከእነሱ በኩል የሚታየው የተጠቀሰ ዓይን ብቻ ነው። ጥቅሻ እንኳ ለአፍታ ነው። እኔ ከመክፈቻው ጸሎት እስከ ምጽዋቱ ድረስ ጠቀስኩ። ጉንጬ ሲደክመኝ ደግሞ ላሳርፈው ብዬ እከፍታለሁ፣ እከድናለሁ፣ እከፍታለሁ። ሰባኪው ከፊት ሆኖ ሲያየኝ ንግግሩ እንደረዘመ የምጠቁመው መስሎት ቶሎ ጨረሰ። ጉባኤው በዚህ አልተቀየመኝም። አዴ ቀነኒ ግን የመዝሙር መጽሐፋቸው ከእጃቸው ወደቀ፤ ከመሬት ሲያነሡም፣ ሌሊሴ እንደምትለው፣ ከአንገታቸው እስከ ግንባራቸው ቀልተው ነበር። የእኔን ጆሮ አይተው ደግሞ ይኸው እሱም አፍሯል ያሉ ነበሩ።

በሳምንቱ ውስጥ ሌሊሴ አንድ ቀን ፖስታ ቤት መጣች። ቴምብር አልገዛችም። አክስቴን ምን አድርገሃቸው ነው ማታ ማታ የሚዘምሩት አለችኝ። የዚያን ጊዜ ብነግራት ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ለአባቷ ብትነግርብኝስ ብዬ ፈራሁና ዝማሬ መልካም ነው አልኳት። በሩን ጠርቅማ ሄደች። ለእሷ የነበረኝ ፍቅር እንዴት አድርጎ እንዳነቀኝ አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ልበለው ይለኛል።

ለሦስተኛው እሑድ ሸምሱ ለሾፌሮች ከሚሸጠው ጥቁር መነጽር አንዱን አዋሰኝ። ከጥቁር መነጽር በስተኋላ ዓይን ወዴት እንደሚያይ ማን ያውቃል? ነገር ግን መነጽር ብቻውን ሁለቱን አንድ አያደርግም፤ የቀኙ መስታወት መደፈን አለበት። ከፖስታ ቤት ሰው ቤት የማይጠፋው ምንድን ነው? ቴምብር። ትልቁን፣ የጃንሆይ ምስል ያለበትን መርጬ፣ በምላሴ አርሼ፣ ምስሉን ወደ ውጭ አድርጌ በቀኙ መስታወት ውስጠኛ ገጽ ለጠፍኩት። ዓይኔ ላይ ሳደርገው ሰባኪውን በግራ ዓይኔ አያለሁ፤ ቀኝ ዓይኔን ጃንሆይ ይጠብቁልኛል። ከዚህ የሚበልጥ የታማኝነት ምልክት የለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በጸሎት ቤቱ ውስጥ ሥርዓት የሚያስከብሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ የቀድሞ ወታደር፣ አሥር አለቃ። መዝሙሩ መሐል መጥተው በጆሮዬ መነጽር ለብሶ እግዚአብሔር ፊት አይቀመጥም አሉኝ። እንቢ ማለት አይቻልም፤ አወለቅሁ። የቴምብር ሙጫ ግን ላብ ይወዳል። እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በላብ ተነክሬያለሁ። መስታወቱ ሲነሣ ቴምብሩ ከተከደነው የዓይኔ ቆብ ጋር ተጣብቆ ቀረ። እኔ ምኑንም አላወቅሁም፤ ዓይኔን ለመክፈት ስሞክር እንቢ አለኝ እንጂ።

አሥር አለቃው አዩ። ፊቴ ላይ ጃንሆይን አዩ። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተረከዛቸውን ገጭ አድርገው ሰላምታ ሰጡ። የእሳቸውን ሰላምታ ያዩት የኋላ ረድፎች ትልቅ ሰው የገባ መስሏቸው ተነሡ። የኋላው ሲነሣ የፊተኛው ምን ሊል ነው፤ ጉባኤው በሙሉ ቆመ። ሰባኪውም ግራ ገብቶት፣ ሕዝብ ከቆመ ወዲያ ዝም አይባልምና፣ እንግዲህ ለንጉሠ ነገሥታችን ጤንነት እንጸልይ አለ። ጸሎቱ ረዘመ። ያኔ ነው ዓይኔ ላይ ያለው ምን እንደሆነ የገባኝ። ላላቅቀው? ጃንሆይን በሕዝብ ፊት ልጦ መጣል የሚያስከትለውን አላውቅም። ልተወው? ለስንት ቀን? እጄን ወደ ላይ አነሣዋለሁ፣ አሥር አለቃውን አያለሁ፣ እጄን እመልሳለሁ።

አሜን ሲባል አዴ ቀነኒ ከሴቶቹ ወገን ተነሡ። መሐለኛውን መተላለፊያ ተሻግረው፣ ወንዶቹ ረድፍ ውስጥ ገብተው፣ ፊቴ ቆሙ። የነጠላቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው ቴምብሩን ከዳር ከዳር እያረጠቡ፣ ከጠርዙ አንዲት ጥርስ እንኳ ሳትቀደድ፣ ቀስ አድርገው አነሡልኝ። ከዚያ መዳፌ ላይ አስቀምጠውልኝ ተመለሱ። አዲስ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሰው ነበር። ጨርቁን የሸጠላቸው ሸምሱ መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ለእሳቸው ቀሚስ፣ ለእኔ መነጽር፣ ለሁለታችንም አንዲት ቃል ሳይተነፍስ። ከዚያ በኋላ ጉባኤው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ምሳው ኦቦ ፈይሳ ቤት ነው። ሦስቱ ሽማግሎቼ በአንድ ወገን፣ ኦቦ ፈይሳ በሌላ፣ እኔ መሐል። አንጮቴ፣ ያ የወለጋ ሰው ለክብር እንግዳ የሚያቀርበው ሥራሥር፣ በቅቤ ቀረበ። ሌሊሴ የእጅ መታጠቢያ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አዴ ቀነኒ በመጋረጃው በስተኋላ ናቸው። ኦቦ ፈይሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ሌሊሴን ብላችሁ መጥታችሁ ነበር፤ ሰው ግን በአፉ አንድ ቢል ዓይኑ ሌላ ይላል፤ እኔ አፍን ሳይሆን ዓይንን አምናለሁ አሉ። ጉባኤው ሦስት እሑድ አይቷል አሉ። እኅታቸውን ጠይቀዋት ዝም ማለቷን፣ በሃምሳ ዓመት የእኅታቸውን ዝምታ ሲሰሙም የመጀመሪያቸው መሆኑን ተናገሩ። ከዚያ ጨረሱት፤

«እኅቴን ሰጥተናል።»

አለቃዬ ስለ ዓይኔም ስለ ጸሎት ቤቱም የሚያውቀው ነገር የለም። ሰጥተናል የምትለዋን ቃል ብቻ ነው ሲጠብቅ የከረመው። እኅቴን የምትለዋ ሳትደርሰው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ ወለሉን በግንባሩ ነክቶ፣ ተቀብለናል አለ። ሁለቱም ሽማግሎች ተከትለውት ተደፉ። በአንድ አፍታ ታጨሁ።

ወደ በሩ አየሁ። ሁለት ሌሊሴ ቆመዋል። ሁለቱም ሊያለቅሱ ደርሰዋል። የማላገባት ሌሊሴ ሁለት ሆና ከምታለቅስ እንከን የለሽ መባሌ ገደል ይግባ አልኩ በሆዴ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የገባኝ ግን የዚያን ቀን፣ አንጮቴው ፊት ነው። ተነሥቼ ከኪሴ ጥቁሩን ጨርቅ አወጣሁና ዓይኔ ላይ አሰርኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። ከረጢቱን፣ ስድስተኛውን ነርቭ፣ ፋኖሱን፣ ምሰሶውን፣ ወጌሻውን፣ ቴምብሩን። ሰባኪውን እንጂ ሴት እንዳላየሁ፣ የምፈልገው ሌሊሴን እንደሆነ፣ እንከኔን የደበቅሁትም እሷን እንዳላጣ ብዬ እንደሆነ ነገርኳቸው።

ኦቦ ፈይሳ ወደ ሽማግሎቼ ዞሩ። እንከን የለበትም አላላችሁኝም ወይ አሉ። አለቃዬ ገና ከወለሉ አልተነሣም፤ እዚያው ለመቆየት የወሰነ ይመስላል። የጥርሱ ሰውዬ ትዝ አለኝ። በዚህ መሐል መጋረጃው ተገለጠና አዴ ቀነኒ በአረንጓዴ ቀሚሳቸው ወጡ። ማንንም ሳያዩ ቀጥታ እኔን ጠየቁኝ።

«ሦስቱን እሑድ እኔን አላየኸኝም?»

እዚህ ላይ የሚዋሽ ሰው አውቃለሁ፤ ያ ሰው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ነበርኩ። አላየሁዎትም አዴ አልኳቸው።

«አንድ ጊዜም?»

«ቴምብሩን አንሥተውልኝ ዓይኔ ሲከፈት አየሁዎት። የራቀ ሰው ነው ሁለት የሚሆንብኝ። እርስዎ ቅርብ ስለነበሩ አንድ ነበሩ።»

ሐዘናቸው ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየሁት፤ እኔ ያመጣሁባቸው ሐዘን ነበርና አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ አንድ ነገር ሰማን። ማንም ምን እንደሆነ ቶሎ አላወቀውም፤ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው በቤቱ አልነበረም። አዴ ቀነኒ እየሳቁ ነበር። ቴምብሩ፣ አሥር አለቃው፣ ለጃንሆይ የተጸለየው ጸሎት፣ ሁሉም አንድ በአንድ እየመጣባቸው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲጨርሱ በነጠላቸው ፊታቸውን ጠርገው ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ፈይሳ፣ አንተ ጣውላ ቀጥ ማለቱን ስታይ በስንት ዓይን ነው የምታየው?»

«በአንድ» አሉ ኦቦ ፈይሳ፣ እንደ ትንሽ ልጅ።

«ታዲያ ልጁን ምን አድርግ ትለዋለህ? ልጅቷን ስጠው።»

ሰጡኝ። ግን አናጢ አናጢ ነው፤ ሁለቱ ዓይኖቼ ወደ አንድ ሰው እስኪያዩ ድረስ ሠርግ የለም አሉ። ሦስት ወር ሙሉ ጥቁር ጨርቅ አስሬ ፖስታ ቤት ተቀመጥኩ፤ ሰውም ለምዶኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ አልጠየቀኝም። ያን ያህል ስፈራው የነበረው ነገር ይኼው ነበር። በሦስተኛው ወር መጨረሻ አንድ ሐሙስ ጨርቁን ላናፍሰው ብዬ እንዳወለቅሁ አውቶቡሱ መጣ። ረዳቱ ያዝ አለ። ከላይ አንድ ከረጢት ብቻ መጣ። ያዝኩት።

ሠርጉ ደኅና ሆኖ አለፈ። አዴ ቀነኒ ግን በሠርጉ አረንጓዴውን ቀሚስ አልለበሱም። ሌሊሴን ብጠይቃት ከዚያ ምሳ በኋላ አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ እንዳስገቡት ነገረችኝ። ከሠርጉ በኋላ ባለው እሑድ ጸሎት ቤት ስገባ እንደ ሥርዓቱ በግራ ተቀመጥኩ። ሰባኪው አንድ ነው። ፊቴን ቀጥ አድርጌም አንድ ነው። ስድስተኛው ሠራተኛዬ ሥራው ላይ ተገኝቷል። ሆኖም በመዝሙሩ መሐል ፊቴን ወደ ቀኝ አዞርኩና አዴ ቀነኒን አየሁ፤ የዚያን ጊዜ በእውነት እሳቸውን። ገላመጡኝ። አልተነቃነቅሁም። ነጠላቸውን ሳቡ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ። ሌሊሴ ከአጠገባቸው ሆና ጣሪያውን ታያለች።

በሚቀጥለው እሑድ አዴ ቀነኒ በአረንጓዴው ቀሚስ መጡ። እኔም አየሁ። ስንወጣ ደጃፉ ላይ፣ ያ የጨበጥኩት ምሰሶ አጠገብ ቆመው ጠበቁኝ።

«ዓይንህ ገና አልዳነም እንዴ ኢልማ ኮ?» ልጄ ማለታቸው ነው።

«ገና ነው አዴ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«እግዜር ይማርህ» አሉና፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ከፊታችን ቀደም ብለው ወጡ።